ሳይጠራ የቀረ ስም

ትሕትና ስሙን ከካርዱ ላይ ያነበበችው ፊቱን ከማየቷ በፊት ነበር። «ሩማይሳ ያሕያ፤ ዕድሜ ሁለት ዓመት ከሦስት ወር፤ ኩፍኝና የሳንባ ምች» ይላል፣ የድንገተኛ ክፍሉ ሐኪም በችኮላ የሞነጫጨረው ጽሑፍ። ያሕያ የሚባል አባት በነፋስ ስልክ ላፍቶ ብቻ ስንት አለ ብላ አልጋውን ማንጠፏን ቀጠለች። በዚያ ወር ኩፍኝ በየሠፈሩ ገብቶ ስለነበር ሆስፒታሉ ከሕፃናት ክፍል ጫፍ ላይ አንድ ክፍል ለብቻው ለይቷል። ስድስት አልጋ ነው ያለው። አምስቱ ተይዘዋል።

በሩ ተከፈተ። ሰውየው ልጅቷን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ደረቱ ላይ አስደግፎ ገባ። ከኋላው ሻርፓቸው ከራሳቸው ላይ የተንሸራተተ እናቱ ተከተሉት። ትሕትና አፏንና አፍንጫዋን በማስክ ሸፍናለች፤ ከፊቷ የሚታየው ዓይኗ ብቻ ነው። እሱ ግን ሁለት እርምጃ ገብቶ ቆመ። ለማወቅ ዓይኗ በቅቶታል።

«ትሕትና…» አለ።

«እዚህ አስተኛት» አለችው። አራት ዓመት ሙሉ ላላናገረችው ሰው የተናገረችው የመጀመሪያ ቃል ይኸው ሆነ።

ብርድ ልብሱን ስትገልጠው ልጅቷ ታየች። ሽፍታው ከፊቷ ላይ መጥቆር ጀምሯል፤ ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል፤ ዓይኖቿ በዓይን አር ተጣብቀዋል። የአፍንጫዋ ቀዳዳ በእያንዳንዱ ትንፋሽ ይከፈታል፤ ከጎድኗ ሥር ሆዷ ስርጉድ ይላል። ትሕትና የእጅ ሰዓቷን ይዛ አንድ ደቂቃ ሙሉ ትንፋሿን ቆጠረች። ስልሳ ስምንት። ኦክስጅኑን ከአፍንጫዋ ሥር አሰረችላትና ወደ አባትየው ዞረች።

«ከታመመች ስንት ቀኗ ነው?»

መልሱን የሰጡት እናቱ ናቸው። «ዛሬ ስድስተኛ ቀኗ። ኩፍኝ መርፌ አይወድም፣ ብርሃንና ንፋስ አይወድም ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግኩት። ጓዳ አስተኝቼ መስኮቱን ጋረድኩባት። ደህና ትሆናለች ብዬ ነው እኔ…» ወይዘሮ ቀመሪያ ይህን ሲናገሩ ነርሷን አላዩም። ማን እንደሆነች ግን ገና ሲገቡ አውቀዋል።

ትሕትና አልተቆጣችም። የተቆጧት እናት በሚቀጥለው ጊዜ ጨርሶ እንደማትመጣ ሥራው አስተምሯታል። ብዕሯን አንስታ ቀሪውን ጥያቄ ጠየቀች። «የኩፍኝ ክትባት ወስዳለች?»

ያሕያ ወለሉን አየ። «አልወሰደችም» አለ።

ብዕሩ ወረቀቱ ላይ እንዳረፈ ቀረ። ለምን ብላ አልጠየቀችም። ለምን እንደሆነ ከእሷ የተሻለ የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

* * *

ከስድስት ዓመት በፊት ትሕትና ከሆሳዕና ተመርቃ የመጣች አዲስ ነርስ ነበረች። መካኒሳ በኩል ባለ አንድ ጤና ጣቢያ ክትባት ክፍል መደቧት። ያሕያ ደግሞ ሀይሌ ጋርመንት በሚባለው ሠፈር መጋረጃ ይሸጥ ነበር፤ የታዘዘውን መጋረጃ ሊሰቅል መጣ። ሕፃናቱ መርፌ እያዩ ሲንጫጩ መሰላሉ ላይ እንደቆመ ፊቱን በጨርቁ ጋርዶ «አኩኩሉ!» አለ። አልቃሹ ሁሉ ዝም አለ፤ ከዚያ ሳቀ። መርፌ የያዘችውም ነርስ ሳቀች። በግማሽ ቀን የሚያልቀው ሥራ ሦስት ቀን ፈጀበት።

ሁለት ዓመት ተዋደዱ። ከሥራ ስትወጣ ታክሲ ተራው ላይ ይጠብቃታል፤ አብረው ተሳፍረው ሁለት ፌርማታ ቀድመው ይወርዱና ቀሪውን በእግራቸው ያዘግማሉ። ስለ ነገ ሲነሳ ግን ሁለቱም ወሬ ይቀይራሉ። የእሷ አባት በጴንጤ ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው። የእሱ እናት ባላቸው ከሞተ በኋላ ልጆቻቸውን ብቻቸውን ያሳደጉ፣ ሶላት የማያልፋቸው ሴት ናቸው። ነገሩን የሰሙ ዕለት ወይዘሮ ቀመሪያ «ከእሷና ከእኔ ምረጥ» አሉና እህል መቅመስ አቆሙ።

በአምስተኛው ቀን ያሕያ ደብዳቤ ላከ። «እናቴ ልትሞትብኝ ነው። እኔ ደካማ ሰው ነኝ፤ ይቅር በይኝ።» ትሕትና «ጠብቂኝ» የምትል ቃል ትኖር እንደሆነ ወረቀቱን ገልብጣ ጀርባውን ሁሉ አየች። ከስድስት ወር በኋላ ከወራቤ የመጣች ልጅ ማግባቱን ከሰው ሰማች።

ከዚያ ያ ቀን መጣ። የዛሬ ዓመት ተመንፈቅ ነው። የክትባት ቀን ስለነበር ኮሪደሩ በእናቶች ተጨናንቋል። ትሕትና አንዱን ሕፃን ከትባ ቀና ስትል አንድ ሰው ከበሩ ዞሮ ሲሄድ አየች። ጀርባውን ነው ያየችው። ትከሻው ላይ የዘጠኝ ወር የምትሆን ልጅ አለች፤ በእጁ የክትባት ካርድ ይዟል። ጀርባውን ከሺህ ሰው መካከል ትለየዋለች። ስሙ ከአፏ ሊወጣ ነበር። ወዲያው ግን ውጭ የምትጠብቀው ሚስት በሐሳቧ ታየቻት፤ ቆንጆ፣ ደስተኛ፣ ቦርሳውን የያዘችለት። ስሙን ዋጠችው። «ሌላ ነርስ ባለችበት ቀን ይመለሳል» አለች በልቧ። «ቀጣይ!» ብላ ተጣራች።

በዚያው ወር ዝውውር ጠይቃ ወደዚህ ሆስፒታል መጣች። ሽሽቷ ከእሱ እንደሆነ ነበር እስከ ዛሬ የምታስበው።

* * *

በዚያው ሰኞ ከሰዓት በኋላ ለሩማይሳ ቪታሚን ኤ ሰጠቻት፤ እንክብሏን ጫፏ ላይ ቆርጣ ዘይቱን ምላሷ ላይ ጨመቀችላት። የአፏን ቁስል በጨው ውኃ አጠበች። መዋጥ ስላቃታት በአፍንጫዋ ቀጭን ቱቦ አስገብታ ወተት አወረደችላት። የሳንባ ምቹ መርፌ በየስድስት ሰዓቱ ነው። ዶክተር ኤልዳድ፣ የክፍሉ ሐኪም፣ ሳንባዋን አዳምጦ «ዘግይታለች። ግን እንሞክራለን» አለ።

ማክሰኞ ጠዋት ትሕትና ፈልቶ የቀዘቀዘ ውኃና ጥጥ ይዛ ስትመጣ ያሕያ ከወንበሩ ተነሳ። «እኔ ላድርግላት፤ አሳዪኝ» አላት።

«ከአፍንጫዋ በኩል ጀምረህ ወደ ውጭ። ቀስ ብለህ፤ አትፋቅ። በአንድ ጥጥ ሁለት ጊዜ እንዳትጠርግ።»

መጋረጃ የሚሰፋው ትልቅ እጁ ጥጡን አጥብቆ ጨበጠ። በክርኑ ሥር ደገፈችው። የተጣበቀው ሽፋሽፍት ትንሽ በትንሽ ተላቀቀ፤ ቅባቱን ጨምራ ስትጨርስ ሁለቱም ትንፋሻቸውን እንደያዙ ቆይተው ኖሯል፣ አንድ ላይ ተነፈሱ።

«እናቷስ? ለምን አልመጣችም?» ብላ ጠየቀች፤ ይህን ጥያቄ ከትናንት ጀምሮ አፏ ላይ ይዛው ነበር።

ቀና ብሎ አያት። «አልሰማሽም? ሩማይሳን በወለደች በሳምንቱ አረፈች። ደም ፈሰሳት። ከዚያ ወዲህ እኔና እናቴ ነን።»

ትሕትና የጥጡን ሳህን አንስታ ወጣች። ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ተደግፋ ቆመች። ያን ቀን ውጭ የሚጠብቀው ሰው አልነበረም። ሚስቱን ቀብሮ፣ የዘጠኝ ወር ልጁን አቅፎ፣ ብቻውን ነበር የመጣው። እሷ ግን በሌለች ሴት ቀንታ ዝም አለች። ምነው ያን ዕለት ምላሴ ተቆርጦ በነበር እንዳትል፣ ምላሷማ ያን ዕለት እንደተቆረጠ ነበር።

* * *

ሐሙስ ሩማይሳ ዓይኗን ገለጠች። ትኩሳቷ ወርዷል፤ ትንፋሿ ወደ ሃምሳ ተጠግቷል። አባቷን አየችና «አባ፣ ውኃ» አለች። ያሕያ እንደ ሕፃን አለቀሰ። በማንኪያ ሦስት ጊዜ ዋጠች። ትሕትና ስትጠጋት ደግሞ ማስኳን ለመንጠቅ እጇን ዘረጋች።

«ፊትሽን ልታይ ነው የፈለገችው» አሉ ወይዘሮ ቀመሪያ። ከሰኞው መልሳቸው ወዲህ ለትሕትና የተናገሩት የመጀመሪያ ቃል ነው። ከዚያ ትንሽ ቆይተው «ስምሽን እያወቅኩ አንድ ቀን በስምሽ ጠርቼሽ አላውቅም» አሉ። «‹ያቺ ልጅ› ነበር የምልሽ። ትሕትና፣ አላህ እጅሽን ይባርከው።»

ያሕያ ከአልጋው ማዶ ያያት ነበር። ያ አስተያየት ከስድስት ዓመት በፊት ከመሰላሉ ላይ ሆኖ ያያት አስተያየት ነው፤ ዕድሜና ሐዘን ብቻ ተጨምረውበታል። ትሕትና ያን ቀን ከሥራ ስትወጣ መንገዱን ሁሉ «ጌታ ሆይ፣ ይቺን ልጅ አትርፍልኝ፤ ሌላ ምንም አልጠይቅህም» እያለች ሄደች። ሌላም እየጠየቀች እንደነበር ግን ልቧ ያውቅ ነበር።

* * *

ዓርብ ጠዋት ፈረቃዋን ስትረከብ ሲስተር አክሱማዊት በሩ ላይ ያዘቻት። አክሱማዊት የክፍሉ አንጋፋ ነርስ ናት፤ ወሬ አታበዛም። «ከንጋት ጀምሮ ትኩሳቷ ተመልሷል። ኦክስጅኑን ጨምረናል» አለቻት።

ሩማይሳ ከንፈሯ ሰማያዊ ሆኖ አገኘቻት። ትንፋሿ አሁን ፈጣን አይደለም፤ እየደከመው የሚቆም መኪና ይመስል እየተራራቀ ይመጣል። ዶክተር ኤልዳድ ሮጦ ደረሰ። አየር በሚነፋው ከረጢት ሲያተነፍሱላት፣ ደረቷን ሲጫኑላት ቆዩ። መጀመሪያ ዶክተሩ ነፋ፣ ከዚያ ትሕትና ተቀበለችው። ደቂቃዎች አለፉ። ሐኪሙ የልጅቷን ዓይን በባትሪ አይቶ ባትሪውን ኪሱ ከተተ።

«ሲስተር» አለ።

መንፋቷን አላቆመችም።

«ሲስተር ትሕትና፣ ይበቃል።» እጁን በእጇ ላይ አኖረ። ያን ጊዜ አቆመች።

ወይዘሮ ቀመሪያ «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» ብለው ወለሉ ላይ ተቀመጡ። ያሕያ አልጮኸም። ትሕትና ቱቦውን ከአፍንጫዋ እስክታወጣ፣ ፕላስተሩን እስክትልጥ ቆሞ ጠበቀ። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ «ዓይኗን ልጥረግላት?» አለ።

ጥጥ አርጥባ ሰጠችው። ከአፍንጫዋ በኩል ጀምሮ ወደ ውጭ ጠረገላት፤ በአንድ ጥጥ ሁለት ጊዜ አልጠረገም። በዚያ ክፍል ስንት ልጅ ሲሞት ያየችው ነርስ ይህን ግን ቆማ ማየት አልቻለችም፤ ፊቷን ወደ መስኮቱ መለሰች።

ከጁምዓ ሶላት በኋላ ተቀበረች።

* * *

በሦስተኛው ቀን ትሕትና ከአክሱማዊት ጋር ለቅሶ ቤት ሄደች። ሴቶቹ በተቀመጡበት ክፍል ወይዘሮ ቀመሪያ ከፍራሹ ላይ ፈቀቅ ብለው አጠገባቸው ቦታ ለቀቁላትና ለተሰበሰበው ሰው «ሩማይሳዬን ያስታመመችልኝ ይቺ ናት» አሉ። ሊወጡ ሲሉ እጇን ይዘው ወደ ጓሮ ወሰዷት።

«ስሚኝ ልጄ። አንቺን ከልክዬ ያመጣሁለትን ሚስት ቀበርኩ። እሷ የተወችልኝን ልጅ ቀበርኩ። ከእንግዲህ ምን ብዬ ምን እከለክላለሁ? ልቡ ካንቺ ዘንድ ወጥቶ አያውቅም፤ እናት ነኝ፣ አውቃለሁ። ቢጠይቅሽ እንቢ እንዳትዪው።»

ትሕትና ሁለት ዓመት ሙሉ ተንበርክካ የለመነችው ነገር ይኸው ነበር። አባቷን እንኳ ለመጋፈጥ ድፍረት በሰጣት ነበር። አሁን ግን ቃሉ ያን የክትባት ቀን አስታወሳት። «እማማ፣ ይጽኑ» ብላ እጃቸውን ሳመች።

* * *

ያሕያ በሁለተኛው ሳምንት በምሳ ሰዓት መጣ። ከሆስፒታሉ ግቢ፣ የታጠበ አንሶላ ከሚሰጣበት ቦታ አጠገብ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ከስቷል። ጺሙን አልተላጨም።

«አንድ ነገር ልነግርሽ ነው» አለ። «ከዚያ በኋላ ከፈለግሽ ዳግም አትዪኝ። ሩማይሳን ልጄን የገደልኳት እኔ ነኝ።»

«እንዲህ አትበል።»

«አስጨርሺኝ። ዘጠኝ ወሯ ላይ ላስከትባት መጥቼ ነበር፤ አንቺ ጋ። በሩ ላይ ስደርስ አጎንብሰሽ መድኃኒት በመርፌ ትስቢ ነበር። አየሁሽ። ያችን አንድ ገጽ ደብዳቤ ልኬልሽ በስድስት ወር ውስጥ ያገባሁ ሰው፣ በምን ፊቴ ቆሜ ‹ልጄን ከትቢልኝ› ልበልሽ? አፈርኩ። ቀና ሳትዪ ዞሬ ወጣሁ። ሌላ ቀን እያልኩ ሱቁ ያዘኝ፤ እናቴም ‹ጤነኛ ልጅ ምን ትሁን ብለህ ነው› አለች። ሳላስከትባት ቀረሁ።» እጁን ፊቱ ላይ አደረገ። «ክፋቱ አንቺ አላየሽኝም። ብታዪኝ ኖሮ ትጠሪኝ ነበር።»

ነፋሱ አንሶላውን አነሳና ጣለው። ትሕትና ዝም ብትል ማንም አያውቅም። እናቱ መርቀዋል፤ ሰውየው አጠገቧ ነው፤ ጥፋቱን ሁሉ ብቻውን ተሸክሞታል። እጇን ብትዘረጋ እጁን ታገኘዋለች። ከዚያ ዕድሜ ልኩን «ምነው ቀና ባልሽ» እያለ ሲያዝን አጠገቡ ተቀምጣ ታጽናናዋለች። ያችን ሕይወት አሰበቻት። አልቻለችም።

«አይቼሃለሁ» አለች።

ቀና አለ።

«ጀርባህን አየሁት። ልጅቷ ትከሻህ ላይ ነበረች። ካርዱ በቀኝ እጅህ ነበር። ስምህ አፌ ላይ መጥቶ ነበር ያሕያ።» ድምፅዋ ተሰበረ፤ ግን አላቆመችም። «ሚስትህ ውጭ ቆማ የምትጠብቅህ መሰለኝ። ቀናሁ። ፊት ለፊት ላይህም ፈራሁ። ‹ሌላ ቀን ይመጣል› አልኩና የሚቀጥለውን ሰው ጠራሁ። ለማላውቀው አባት ቢሆን ኮሪደሩን ሮጬ ‹ልጅህን ሳታስከትብ የት ትሄዳለህ?› እለው ነበር። ሥራዬ እሱ ነው። ለአንተ ልጅ ብቻ ነው ያልሮጥኩት።»

ፊቱን ወደ እሷ መለሰ። ፊቱ ላይ ቁጣ ብታይ ይሻላት ነበር። ያየችው ግን መንገድ ላይ ልጁ ከእጁ ያመለጠችው፣ ዞሮ ዞሮ የሚፈልግ ሰው ፊት ነው።

«ብትጠሪኝ…» አለ በመጨረሻ። «ወላሂ፣ ብትጠሪኝ እመለስ ነበር።»

ተነሳ። ጥቂት እርምጃ ሄደና ቆመ። ትሕትና ዳግም ጀርባውን አየች። በዚህ ጊዜ «ያሕያ!» ብላ ጮክ ብላ ጠራችው። ዞረ። አያት። ዓይኑ ሞልቶ ነበር።  ራሱን በቀስታ ነቅንቆ በበሩ ወጣ።

* * *

ከአርባ ቀን በኋላ ወይዘሮ ቀመሪያ ራሳቸው መጡ። ያሕያ የተወላትን የተጣጠፈ ወረቀት ሰጧት። ቆማ ማንበብ እንዳቃታት አይተው ወደ አግዳሚው ወንበር ወሰዷት።

«ትሕትና፣ አልጠላሁሽም። ብጠላሽ ይቀለኝ ነበር። ሱቁን ለአክስቴ ልጅ ትቼ ወደ ወራቤ ሄጃለሁ። አንቺንም ራሴንም ይቅር ማለት እሞክራለሁ፤ በቀን አንዴ ይሳካልኛል፣ ወዲያው ይጠፋብኛል። እናቴ አንድ ቤት እንድንገባ ትፈልጋለች። እኔም ስፈልግ ኖሬያለሁ። ግን በማዕዳችን ላይ አንድ ቦታ ባዶ እያየን፣ አንዳችን የሌላችንን ዓይን እየሸሸን የምንኖር ነው የሚመስለኝ። ይህን ለአንቺ አልመኝልሽም። እውነቱን ስለነገርሽኝ አከበርኩሽ። እወድሻለሁም። ደህና ሁኚ።»

ሁለት ጊዜ አነበበችው። በሦስተኛው ፊደሉ ተደበላለቀባት።

«ምን እንዳለሽ አልጠይቅሽም» አሉ ወይዘሮ ቀመሪያ። «ሳይሄድ ሁሉንም ነግሮኛል። ከበሩ መመለሱን፣ አለመጥራትሽን።»

ትሕትና ቀና ብላ ልታያቸው አልደፈረችም። ስድቡን፣ እርግማኑን ጠበቀች።

«እኔ ደግሞ ስድስት ቀን ጨለማ ቤት ዘጋሁባት» አሉ። «እሱ አፈረ፣ አንቺ ቀናሽ፣ እኔ አላወቅኩም። ሦስታችንም ወደድናት፤ ሦስታችንም አላዳንናትም። እሱ መሄድ ቻለ፣ ወጣት ነው። እኔ ግን ስለ እሷ ከማን ጋር ላውራ? ከእኔ ጋር ዓይኗን ስትገልጥ ያየሽ፣ ‹ውኃ› ስትል የሰማሽ፣ እዚህ የቀረሽኝ አንቺ ብቻ ነሽ። እንዳትርቂኝ ልጄ።»

ትሕትና በዓለም ላይ ከማንም አብልጣ ስትፈራቸው የኖረችውን ሴት ትከሻ ላይ ራሷን ጣለች። የሁለቱ ልቅሶ አንድ ላይ መጣ፤ የማን የቱ እንደሆነ እስከማይለይ ድረስ። የወደደችው ሰው ሄዷል፤ አይመለስም። ሆኖም ከዚያ የክትባት ቀን ጀምሮ ብቻዋን ይዛው የኖረችው ነገር፣ እየከበደ እንኳ ቢሆን፣ ለመጀመሪያ ጊዜ አብሯት የሚሸከመው ሌላ ሰው እንዳለ ተሰማት።